የተማሪ ቦርሳ፤ ጌጡና ሸክሙ

ዛሬ የምንመለከተው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀላል መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም በጕርምስና ዘመናችን ወደ ትምህርት ቤት ስንመላለስ በትከሻችን ያንጠለጠልነው፥ በብብታችን የያዝነው ወይም በሌላው ልጅ ጀርባ ላይ አይተን የተመኘነው የተማሪ ቦርሳ ነው። ስለ በጀት፥ ስለ ግብር፥ ስለ መንገድና ስለ ጤና ጥበቃ በሚነገርበት ሥፍራ ስለ አንድ አሮጌ ቦርሳ መናገር ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ከምሳ በኋላ ሻይ ሲጠጡ፥ ከመካከላቸው አንዱ የተማሪነቱን ዘመን ቦርሳ ቢያነሣ፥ የቀሩት ዝም ብለው እንደማያልፉት የታወቀ ነው። አንዱ እናቱ ከአሮጌ ሱሪ የሰፋችለትን፥ ሁለተኛው አጎቱ ከአዲስ አበባ የላከለትን፥ ሦስተኛው ደግሞ ሳያገኘው የቀረውን ይተርካል።

ሰው አርጅቶ የተጣለን ዕቃ ይህን ያህል የሚያፈቅረው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱን መመርመር የሚገባ ይመስለናል። ምርመራውም የሚያደርሰን ወደዚህ ነው፤ የተማሪ ቦርሳ በየዘመኑ ለአንዱ ጌጥ፥ ለሌላው ሸክም ሆኖ ኖሯል፤ ትዝታችን ግን ጌጡን አንሥቶ ሸክሙን የመተው ጠባይ አለው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ቦርሳ» የሚለው ቃል ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው። «ሻንጣ» ከቱርክ ቋንቋ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የደረሰ ነው። «ዘንቢል»ም ከዐረብኛ የተገኘ ነው። እነዚህ ሁሉ ከመምጣታቸው በፊት ግን የመጽሐፍ መያዣ በአገራችን የራሱ ስም ነበረው፤ እርሱም ማኅደር ይባላል። ማኅደር «ኀደረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው ማደሪያ ማለት ነው። አባቶቻችን መጽሐፍን የሚያድርበት ቤት እንደሚያስፈልገው እንግዳ ቈጥረው ለቆዳው መያዣ ይህን ስም ሰጡት። የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባብያን ይህን ቃል በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። «ማኅደሩ ከመዝገብ ቤት ይቅረብ» በተባለ ጊዜ የሚጠራው፥ ያው የጥንቱ የመጽሐፍ መያዣ የሚጠራበት ቃል ነው። ይህን ቃል በኋላ ስለምንመለስበት ከወዲሁ ልብ እንድትሉት እንለምናለን።

አሁን ወደ ትዝታው እንሂድ። ያለፈውን መናፈቅ በሕዝብ ሁሉ ዘንድ ያለ ነገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1688 ዓ.ም. ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ባቀረበው ጽሑፍ ለዚህ ነገር «ኖስታልጂያ» የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ «ወደ አገር መመለስ» እና «ሕመም» የሚል ትርጓሜ ካላቸው ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። ሆፈር ናፍቆትን ከአገራቸው የራቁ ሰዎችን የሚይዝ በሽታ አድርጎ ቈጥሮት ነበር። የዛሬ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ግን በሽታ አይሉትም፤ ሰው ብቸኝነት ሲሰማው ወይም ኑሮው ሲለዋወጥበት ራሱን የሚያጽናናበት መንገድ ነው ይላሉ። ከዚህም ሌላ፥ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ፥ አብልጠው የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን መሆኑን በብዙ ጥናት ተረድተዋል።

ምክንያቱ ለማስተዋል አያዳግትም። በዚያ ዕድሜ ብዙ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ይደረጋል፤ ከቤት መራቅ፥ ጓደኛ መምረጥ፥ ለሰው ዐይን መጨነቅ፥ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ሁሉ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ተማሪ ደግሞ ራሱን የሚያሳይበት መንገድ ጠባብ ነው። ልብሱ የደንብ ልብስ ነው፤ ጠጕሩ እንዲያጥር ይታዘዛል፤ የሚቀመጥበት ወንበር ከሌላው ወንበር አይለይም። ለምርጫ የቀረችው አንዲት ነገር ቦርሳ ናት። ስለዚህ የደንብ ልብሱ ያስተካከለውን የሀብታምና የድኻ ልጅ ልዩነት ቦርሳው መልሶ ያወጣዋል። የጕርምስና ቦርሳችን እስከ ሽምግልና ከልባችን የማይጠፋው፥ በእኩዮቻችን ፊት የቆምንበት የመጀመሪያው መታያችን ስለ ነበረ ነው።

ይህን ነገር በአንድ የታወቀ ሥፍራ ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጣል። ለዚህም ዳባትን መርጠናል። ዳባት ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ አምባ ጊዮርጊስን ዐልፎ በሚሄደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከእርስዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዐልፎ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባባት ደባርቅ አለች። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ዳባት ለነገራችን የምትስማማው፥ ሦስት ዐይነት ተማሪዎች ሦስት ዐይነት መያዣ ተሸክመው የተመላለሱባት አገር ስለ ሆነች ነው። እነርሱም የቆሎ ተማሪ፥ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ጎንደር የወረደው የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪና፥ ዛሬም ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ ወደ ከተማ የሚመጣው ተማሪ ናቸው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ጎንደር የቅኔ፥ የዜማና የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩባት ከተማ ስለ ነበረች፥ ተማሪ ከየአገሩ ወደ እርስዋ ይጎርፍ ነበር። የወገራና የሰሜን ልጆችም መምህር ፍለጋ ከወላጆቻቸው ቤት ርቀው ይሄዱ ነበር። የቆሎ ተማሪ ልብሱ ከበግ ለምድ የተሠራ ደበሎ ነው፤ የጦር መሣሪያው የመንደር ውሻ የሚከላከልበት በትር ነው፤ ሀብቱም ሁለት መያዣ ነው። አንደኛው መያዣ አኮፋዳ ይባላል። ይህም እንደ ስፌት ተሰፍቶ፥ ማንገቻ ተደርጎለት፥ ከትከሻ የሚንጠለጠል ነው። ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም የተሰጠውን ቁራሽ ያኖርበታል። ሁለተኛው ማኅደር ነው። ማኅደር ከወፍራም ቆዳ የተሰፋ፥ ክዳንና ማንገቻ ያለው፥ በብራና የተጻፈው መጽሐፍ ከዝናብ፥ ከአቧራና ከጭስ የሚጠበቅበት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፥ ተፍቆና ተልጎ የሚዘጋጅ ነው፤ ለአንድ ዳዊት ብዙ ቆዳና የጸሐፊው የብዙ ጊዜ ድካም ይጠፋበታል። ስለዚህ ሁሉም ተማሪ የራሱ መጽሐፍ አልነበረውም፤ ማኅደር ያንጠለጠለ ሰው ከሩቅ ሲታይ የተማረ መሆኑ ይታወቅ ነበር። እንግዲህ ቦርሳ የማዕርግ ምልክት መሆኑ በፈረንጅ ዕቃ የተጀመረ አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ሊታሰብ የሚገባው ፍሬ ነገር የመያዣው ሁለትነት ነው። አንዱ ለሆድ፥ ሌላው ለዕውቀት ነበር። አኮፋዳው ባዶ የሆነ ተማሪ ማኅደሩን አቅፎ ብቻ ሊማር አይችልም። አኮፋዳውን የምትሞላው ደግሞ ስሙን እንኳ የማታውቀው የመንደር እናት ነበረች፤ ከሌማትዋ ቈርሳ ትሰጠው ነበር። እንዲህ ባለ ቁራሽ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ኖሯል። ከዚያ ትምህርት የወጡትም ሊቃውንት፥ ዳኞችና ጸሐፊዎች የመንግሥትን ሥራ ሠርተውበታል።

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ የመያዣው ዐይነት ተለወጠ። በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመሰሉ ትምህርት ቤቶች የትምህርቱን አሰጣጥ ለወጡት። የቆሎ ተማሪ አንዱን ትምህርት ሳይፈጽም ወደ ሌላው አያልፍም ነበር፤ ለአንድ ዘመንም አንድ መጽሐፍ ይበቃዋል። የዘመናዊው ተማሪ ግን በአንድ ቀን አማርኛ፥ እንግሊዝኛ፥ ሒሳብና ጂኦግራፊ ይማራል፤ ለእያንዳንዱም መጽሐፍና ደብተር አለው፤ እርሳሱ፥ ማስመሪያውና ቀለሙ ሲጨመር እጁ አይበቃውም። የትምህርት ቤት ቦርሳ ክፍል ክፍል ሆኖ የተሠራበት ምክንያት ይህ ነው፤ ቀኑ በደወል እንደ ተከፋፈለ ቦርሳውም በኪስ ተከፋፈለ።

እንዲህም ቢሆን በክፍለ ሀገር ቦርሳ የነበረው ተማሪ ጥቂት ነበር። የዳባትና የደባርቅ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ለመቀጠል ለብዙ ጊዜ ወደ ጎንደር መውረድ ግድ ሆኖበት ነበር። ሲወርድም ልብሱን በአንድ ጥቅልል፥ ስንቁን በአቅማዳ፥ ደብተሩን በእጁ ይዞ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በከተሞች ሁለት መቈለፊያ ያለው የቆዳ ቦርሳ የባለጠጋ ልጅ ምልክት ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው ጐረምሳ ግን ቦርሳ መሸከም እንደ ሕፃንነት ስለሚቈጠርበት ደብተሩን በብብቱ ይይዝ ነበር፤ ልጃገረዶችም ደብተራቸውን በደረታቸው ያቅፉ ነበር። ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያገኘ ሰው ርእሱ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጎ ይይዘው እንደ ነበር ከእናንተ መካከል የሚያስታውስ አይጠፋም። ቦርሳ አለመያዝ ራሱ ፋሽን የሆነበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። የከተማው ወጣት ካኪ ለብሶ፥ ጓዙን በጀርባው አዝሎ፥ ገበሬው ወዳለበት ሄደ። የወታደር ዕቃ የሚመስለው የሸራ ቦርሳ ከዚያ ዘመን መንፈስ ጋር የሚስማማ ነበር። በደርግ ዘመን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ጥቂት በመሆኑ የቤተ ሰብ ብልኀት አስፈለገ። ያለቀ የጂንስ ሱሪ እግሩ ተቈርጦ፥ ታችኛው አፉ ተሰፍቶ፥ ከመቀነቻው ማንገቻ ይወጣለት ነበር፤ የሱሪው የኋላ ኪስ እንዳለ ይቀርና የእርሳስ ማኖሪያ ይሆናል። ሌሎቹ በኪሮሽ ይሠሩ ነበር፤ ስማቸውን ወይም የአበባ ሥዕል በክር የሚጠልፉበትም ነበሩ። ይህ በድኽነት የተፈለሰፈ ዕቃ በተማሪው ዘንድ እንደ ጌጥ ተቈጠረ፤ የሰፊዋ እጅ ግን ከቦርሳው ጋር አልተመሰገነም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት በዚፕ የሚዘጋ፥ ከናይሎን የተሠራ የጀርባ ቦርሳ በየከተማው በዛ። ሁለት ማንገቻ ቢኖረውም ፋሽኑ በአንድ ትከሻ ብቻ ማንጠልጠል ነበር፤ በሁለቱም ያዘለ ልጅ እንደ ፈሪ ይቈጠር ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ትልቁ የምኞት ጫፍ በመንግሥት ሠራተኛው እጅ የሚታየው ጠንካራው የእጅ ሻንጣ ነበር። ይህን ሻንጣ ሁላችን «ሳምሶናይት» እንለዋለን፤ ስሙ የአሜሪካ ኩባንያ ስም ነው፤ ኩባንያው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. በዴንቨር ከተማ የተቋቋመ ሲሆን ስሙን ያገኘው በመጽሐፍ ቅዱስ ከሚነገርለት ከኀይለኛው ሳምሶን ነው። የተማሪው ልብ ከቦርሳ ወደ ሳምሶናይት መሻገርን ይመኝ ነበር፤ ይኸውም ከተማሪነት ወደ ቢሮ ሰውነት መሻገር ማለት ነው።

የውጭውን አገር ታሪክ ብንጨምርበት ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። ዛሬ በዓለም ሁሉ ተማሪ የሚያዝለው ቀላሉ የጀርባ ቦርሳ መነሻው ትምህርት ቤት አይደለም፤ የተራራ መውጫ ዕቃ ነው። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. የተቋቋመው ጃንስፖርት የሚባለው ኩባንያ ለተራራ ወጪዎች የሠራውን ቦርሳ፥ ዝናብ በሚበዛባት በዚያች ከተማ የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሐፋቸው እንዳይርስባቸው ወሰዱት፤ ከእነርሱም ወደ ሌላው ተላለፈ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደባርቅ ይህን ዐይነት ቦርሳ ያዘሉ እንግዶች የሚመላለሱባት ከተማ ሆናለች። የአገሩ ልጆች እንግዳው ለመዝናናት ተራራ የሚወጣበትን ቦርሳ ተመለከቱ፤ እነርሱ ያንኑ ተራራ በየቀኑ ለትምህርት ይወጡት ነበር።

ከጃፓን የሚገኘው ምሳሌ ደግሞ ለመንግሥት ሰዎች የሚጠቅም ነው። በጃፓን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች «ራንዶሴሩ» የሚባል ጠንካራ የቆዳ ቦርሳ ያዝላሉ፤ ስሙ የወታደር የጀርባ ጓዝ ማለት ከሆነው የሆላንድ ቃል የተገኘ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. በቶኪዮ የመሳፍንት ልጆች የሚማሩበት ጋኩሹይን የተባለው ትምህርት ቤት፥ ልጆቹ በሠረገላ እንዳይመጡና ዕቃቸውንም አሽከር እንዳይሸከምላቸው ከለከለ። በትምህርት ቤት ሁሉም እኩል ነውና እያንዳንዱ የራሱን ሸክም በራሱ ጀርባ ይሸከም ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላም ለአልጋ ወራሹ የቆዳ ራንዶሴሩ በስጦታ ቀረበለት። በዚያ አገር ቦርሳው የገባው ልዩነትን ለማጥፋት ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ ራንዶሴሩ እጅግ ውድ ስለ ሆነ ለብዙ ወላጆች የወጪ ጭንቀት ሆኗል። ከዚህ እንደምንረዳው፥ እኩልነትን በዕቃ ብቻ ማምጣት አይቻልም፤ ዕቃው ጥቂት ቈይቶ ወደ ጌጥነቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዳባት እንመለስ። ከላይ ካነሣናቸው ተማሪዎች ሦስተኛው ዛሬ በመንገድ ላይ ነው። በወረዳው ገጠር ያሉ ብዙ ልጆች ከመንደራቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሩቅ ስለ ሆነባቸው፥ ሁለት ሦስት ሆነው በከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተ ሰባቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ሲመለሱ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመው ነው። ስንቁም የደጋው አገር እንደሚያበቅለው የገብስ ቆሎ፥ በሶ፥ ዱቄት፥ ሽሮና በርበሬ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም እንጀራና ለማብሰያ የሚሆን እንጨት ይጨመራል። የሚሸከሙበት መያዣ ማዳበሪያ የመጣበት ከረጢት ነው። ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ፥ ዝናብ እንዳያገኘው በስንቁ መካከል ይቀመጣል። እንግዲህ አኮፋዳና ማኅደር አልጠፉም፤ ስማቸውን ለውጠው በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ናቸው።

ሐኪሞች አንድ ተማሪ የሚያዝለው ቦርሳ ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 ባይበልጥ ይመክራሉ። 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይያዝ ማለት ነው። ይህ ምክር በመኪና ደጅ ድረስ ለሚደርስ ልጅ ጥሩ ምክር ነው። ዳገትና ቍልቍለት እየቈረጠ ሰዓታት የሚጓዘው ልጅ ግን ስንቁን በዚህ ልክ ልመዝን ቢል ሐሙስ ሳይደርስ ይራባል። ልጃገረድ ስትሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የመንገዱ ሥጋት፥ ከትምህርት በኋላ የሚጠብቃት ማብሰልና ውሃ መቅዳት ከሸክሙ ላይ ይደመራል። ብዙዎቹ ትምህርታቸውን የሚያቋርጡት አእምሯቸው ደክሞ ሳይሆን ስንቁ ወይም የቤቱ ኪራይ ስላለቀ ነው።

በዚህ ላይ የጦርነት መከራ ተጨመረ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ የዳባትን ወረዳ ነካ፤ በነሐሴ መጨረሻ ላይ በጭና ተክለሃይማኖት ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። ከዛሪማ፥ ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀሉ ቤተ ሰቦች በደባርቅና በዳባት ተጠለሉ፤ ትምህርት ቤቶችም የሰው ማደሪያ ሆኑ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ደግሞ በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቈይተዋል፤ ከትምህርት ገበታ የተለዩትም ልጆች በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሆኑ። ቦርሳው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረበት ልጅ በእኛ የሻይ ሰዓት ጨዋታ ውስጥ የለም፤ የሚናፍቀው የተማሪነት ዘመን ገና አልተሰጠውምና።

ክቡራን አንባብያን፤ ስለ አሮጌው ቦርሳችን የምንናገረው ሁሉ እዚህ ላይ ትርጕም ያገኛል። ትዝታ መልካም ነገር ነው፤ ግን የሚመርጥ ነገር ነው። የቆዳውን ሽታ፥ የመቈለፊያውን ድምፅ፥ ጓደኞቻችን ያደነቁበትን ቀን ያስታውሳል። የቦርሳው ዋጋ ከየትኛው በግ ሽያጭ እንደ ወጣ፥ ማን ሌሊት ተቀምጦ እንደ ሰፋው፥ ከኋላችን የተቀመጠው ልጅ ለምን በመጋቢት ወር መምጣቱን እንዳቆመ ግን ካልጠየቅነው አይነግረንም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የተማሪነት ዘመናችሁን ስታነሡ፥ «የማን ቦርሳ ያምር ነበር?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥላችሁ «ቦርሳ ያልነበረው ማን ነበር? እርሱስ የት ደረሰ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እናሳስባለን።

ለልጆቻችሁ ቦርሳ ስትገዙም አንዳንድ ነገር ማስተዋል ይበጃል። ሰፊና ለስላሳ ማንገቻ ያለው፥ በሁለቱም ትከሻ የሚታዘል፥ ከልጁ ጀርባ የማይበልጥ ቦርሳ ለጤና ይሻላል። ከባዱ መጽሐፍ ወደ ጀርባው ተጠግቶ ይቀመጥ። በላዩ ላይ ያለው ሥዕል በአንድ ዓመት ፋሽኑ ያልፍበታል፤ ስፌቱ የጠነከረ ቦርሳ ግን ለታናሹም ይተርፋል። በአገራችን ቆዳና በአገራችን ሰፊዎች እጅ የተሠራው ደግሞ በተቀደደ ጊዜ ጠጋኝ አያጣም።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ከቤት ውጭ ያለው ነው። ከእናንተ መካከል ከዳባት፥ ከደባርቅ ወይም እነርሱን ከመሰለ የገጠር ወረዳ ተነሥቶ በመዲናይቱ ቢሮ የተቀመጠ ብዙ ሰው አለ። የቀድሞ ተማሪዎች በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበው ፎቶግራፍ ሲነሡና ትዝታቸውን ሲጫወቱ እናያለን። ለዚያ ቀን ግብዣ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ የአንዲት ክፍል ኪራይ ቢሆን፥ ሁለት ሦስት ልጆች ዓመቱን በሙሉ ሳይሠጉ ይማሩበታል። ቦርሳ መላክ መልካም ነው፤ ነገር ግን አኮፋዳው ባዶ የሆነ ተማሪ ማኅደር ብቻ ቢላክለት እንደማይበቃው ከአባቶቻችን ተምረናል። ምጽዋት መስሎ የሚያሳፍረው ሰው ቢኖር፥ በየደጁ ቁራሽ የሰጡትን እናቶች ያስብ፤ እነርሱ ልጁ ምን ዐይነት ሊቅ እንደሚሆን ሳይጠይቁ ሰጡ።

በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት በዘጠነኛ ክፍል ተከፍቶ፥ በመካከል የቀረ የተማሪ ማኅደር አለ። ስም አለበት፤ የአባት ስም አለበት፤ የሁለት መንፈቅ ውጤት አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ማኅደር ማደሪያ ማለት እንደ ሆነ በመግቢያችን ተናግረን ነበር። ወረቀቱ ማደሪያ አግኝቶ ልጁ በከተማ ማደሪያ ማጣቱን፥ የማኅደርን ጥቅም ከማንም አብልጦ የሚያውቀው የመንግሥት ሠራተኛ ሊያስብበት ይገባል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ተረት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከገጠር ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ላይ ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን የያዘ ልጅ ይገኛል። ከሃምሳው አንዱን ከትከሻው የምናነሣለት እያንዳንዳችን ነን።